ለእናቴ ቤት የውሃ ማጣሪያ ስመርጥ

ዛሬ ደሴ ፒያሳ ስዞር የዋልኩት ለእናቴ ቤት የውሃ ማጣሪያ ፍለጋ ነው። ክረምት ሲገባ የቧንቧው ውሃ ይደፈርሳል፤ ሕፃናቱም ሆዳቸውን ያማቸዋል። ይህን እያየሁ ዝም ማለት አልችልም።

ነጋዴው በመጀመሪያ ያሳየኝ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን፣ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለውን ውድ ማጣሪያ ነው። በውሃ ውስጥ የሟሟ ጨውንና ፍሎራይድን ሳይቀር ያስቀራል። ፍሎራይድ ጥርስ ለሚያበላሽበት ለስምጥ ሸለቆ አካባቢ ተገቢ ዕቃ ነው። ነገር ግን ከሚገባበት ውሃ ከፊሉን ወደ ፍሳሽ ይጥላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት፣ እናቴ በጀሪካን ያጠራቀመችውን እንዴት ላስደፋ? ሐሳቤ ገብቶት «አብሽሪ እህቴ፣ ሌላም አለ» ብሎ ከሸክላ የተሠራውን የሴራሚክ ማጣሪያ አወጣልኝ።

ሴራሚክ መብራት አይፈልግም። ቀዳዳዎቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ ባክቴሪያንና እንደ ጃርዲያ ያሉ ተውሳኮችን ይይዛል። ቫይረስ ግን ከእነዚያ በጣም ስለሚያንስ ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ የሕፃናቱን ውሃ ማፍላት አንተውም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ደግሞ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲንተከተክ ይመከራል።

ሴራሚኩን ገዛሁ። ቶሎ እንዳይደፈን ድፍርሱን ውሃ በባልዲ አሳድረን፣ የጠለለውን ብቻ እንጨምርበታለን፤ ውሃው ቀስ እያለ መውረድ ሲጀምርም ሴራሚኩን ያለ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ እናጥበዋለን። ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ የሴራሚክ መለዋወጫ የሚሸጥበትን ሱቅ ብትጠቁሙኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።