የጨጓራ ትል ፕሮቲን በፍየል የመከላከያ ሴሎች ላይ፦ ሰበታ ላይ የሠራሁት ሙከራ

የተነሣሁበት ጥያቄ ጠባብ ነበር፤ ሄሞንከስ ኮንቶርተስ የተባለው ደም መጣጭ ትል የሚያመነጫቸው ፕሮቲኖች የፍየልን የመከላከያ ሴሎች ይገድላሉ ወይስ ሳይገድሉ ያፈዝዛሉ? አንዲት ሴት ትል በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል እየጣለች፣ እያንዳንዱም ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ደም እያሳጣ፣ የፍየሏ ሰውነት ትሉን ለረጅም ጊዜ ተሸክሞ መኖሩ መልስ የሚሻ ጉዳይ ነው።

ትሎቹን የሰበሰብሁት ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ሰበታ አካባቢ ካለ ቄራ ነው። አራተኛው የጨጓራ ክፍል ገና ትኩስ እንዳለ ሲከፈት፣ ደም የሞላው ቀይ አንጀታቸውና ነጩ የእንቁላል ቱቧቸው እርስ በርስ ተጠማዝዞ የሚታየውን ሴት ትሎች ለይቶ ማንሣት አያስቸግርም። ክረምት ሲወጣ በብዛት ይገኛሉ፤ በዐቢይ ጾም ግን እርዱ ስለሚቀንስ የሥራ ዕቅዴን ከጾሙ ጋር አስማማሁ፤ ይህን የሚመክር የላቦራቶሪ መመሪያ አላየሁም።

ትሎቹን ፀረ ባክቴሪያ በተጨመረበት ለብ ያለ የጨው ውህድ ደጋግሜ አጥቤ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ አቆየኋቸው፤ የለቀቁትንም ፈሳሽ በ0.22 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ አሳለፍሁ። የሞተ ትል የተገኘበትን ዕቃ ፈሳሽ ሁሉ ደፋሁ፤ ከበሰበሰ ገላ የሚወጣው ፕሮቲን ትሉ በሕይወት ሳለ ከሚያመነጨው ጋር ተደባልቆ ውጤቱን ያዛባልና።

ይበልጥ ያደከመኝ የመከላከያ ሴሎቹን የማወጣበት የፍየል ደም ነው። የፍየል ቀይ የደም ሴል ስፋቱ ከ4 ማይክሮ ሜትር የማይበልጥ፣ የሰውን ግማሽ ያህል ስለሆነ፣ ለሰው ደም በተዘጋጀው አሠራር በፊኮል (የደም ሴሎችን እንደ እፍጋታቸው ለመለየት በሚያገለግል ፈሳሽ) ላይ ሲሽከረከር ሁሉም ወደ ታች አይዘቅጥም፤ የመከላከያ ሴሎቹ በሚሰበሰቡበት ነጭ ቀለበት ላይ ሐምራዊ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። የማሽከርከሪያውን ጊዜ አርዝሜ፣ የቀረውን ቀይ ሴል በአሞኒየም ክሎራይድ ካፈረስሁ በኋላ ነው የምፈልጋቸውን የመከላከያ ሴሎች፣ ሊምፎሳይቶችንና ሞኖሳይቶችን፣ ያገኘሁት።

ሴሎቹን እንዲባዙ በሚያነሣሣው በኮንካናቫሊን ኤ ቀስቅሼ፣ ከፊሉን ከትሉ ፕሮቲን ጋር፣ ከፊሉን ደግሞ ከተቀቀለው ፕሮቲን ጋር አሳደርሁ። መቀቀሉ ለፌዝ አይደለም፤ ኢንዶቶክሲን የተባለው የባክቴሪያ መርዝ ሙቀትን ሲቋቋም አብዛኛው ፕሮቲን ግን ቅርጹን ስለሚያጣ፣ የተቀቀለውም እንዳልተቀቀለው ከሠራ ጥርጣሬው ወደ ባክቴሪያው ይዞራል። በእኔ ሙከራ ያልተቀቀለው የሴሎቹን መባዛት ገታ፣ ኢንተርሊዩኪን-10 የተባለውን አብራጅ መልእክተኛም ጨመረ፤ የተቀቀለው ግን እምብዛም አልሠራም። የሞቱ ሴሎችን በሚያቀልመው በትራይፓን ብሉ ሲታዩ አብዛኞቹ ሕያዋን ነበሩ። ሆኖም ይህ ቀለም የሚገባው ሽፋኑ የተቀደደውን ሴል ብቻ ስለሆነ፣ በራሱ ፈቃድ መሞት የጀመረውን ሴል አያሳይም፤ «አልገደለም» ለማለት እንዲህ ያለውን ሴል በሚለየው በአኔክሲን ማረጋገጥ የግድ ነው።

በክትባት ረገድ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በአውስትራሊያ ለበግ የተፈቀደው ባርበርቫክስ የተሠራው እንስሳው በተፈጥሮ ከማይገናኛቸው የትሉ አንጀት ፕሮቲኖች ነው። እኔ የሞከርኋቸው ግን ፍየሏ ዕለት ዕለት የምትገናኛቸው ናቸውና፣ ከመካከላቸው የትኛው እንደሚያፈዝዝ ሳይለይ በጅምላ ለክትባት ማሰብ አይመከርም።