ሌሊት ብቻ የሚሸተው ምጣድ

ስልኩ የተደወለው ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። የማላውቃቸው እናት ናቸው። ሰላምታው እንኳ በቅጡ ሳያልቅ «ወረቀት አለህ?» አሉኝ።

«የምን ወረቀት፣ እትዬ?»

«የመብራት ሠራተኛ መሆንህን የሚመሰክር ነዋ። ልጄ ወረቀት የሌለው ሰው ቤቴን እንዳይነካ ብሎኛል።»

ደስ አለኝ። ባሕር ዳር ላይ ይህን ሥራ ስሠራ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ፈቃድ አለህ ወይ ያለኝ ደንበኛ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ሁለተኛ የሚጠይቀውም ዋጋ ነው። የኢነርጂ አዋጁ ቁጥር 810/2006 የኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ባለው ሰው ይሠራ ቢልም፣ ሰፈር ውስጥ ፒንሳና ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ መብራት ሠራተኛ ነው። እኔም የጀመርሁት እንደዚያ ነው። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ቤታቸው አባይ ማዶ ነው። አመሻሽ ላይ በባጃጅ አዲሱን ድልድይ ተሻገርሁ። ከጣና በኩል ጥቁር ደመና እየመጣ ነበር። ኮብልስቶን በለበሰ መንገድ ገብቼ አረንጓዴ የብረት በር አንኳኳሁ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ እናት ከፈቱልኝ። ወረቀቱን አወጣሁ። የልጅ ልጃቸው ተቀብላ ስሙን አነበበች፣ ቀኑን አየች፣ ፎቶውን ከፊቴ ጋር አስተያየች።

«እዚህ ላይ ወፍራም ነዎት» አለችኝ።

ፈተናውን አለፍሁ። ወረቀቱ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ ወሬውም ጀመረ።

እትዬ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ አላቸው። አመሻሽ ላይ ጥቂት ይጋግራሉ፣ ዋናውን ሥራ ግን የሚሠሩት ሌሊት ነው። ችግሩ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ነው። ሽታው የሚመጣው ደግሞ ሌሊት ብቻ ነው። ያው ምጣድ፣ ያው ሶኬት፣ ያው ሊጥ፤ አመሻሽ ላይ ምንም የለም።

አንዷ ጎረቤት የሞተ አይጥ ነው ብላለች። ሌላዋ ጠበል ይረጭ ብላለች። ተረጭቷል። ሶኬቱ ላይ አለመረጨቱን ብቻ ጠየቅሁ።

«ሌላስ ነገር አለ?»

«ምጣዱ አልፎ አልፎ ይነዝረኛል። እሱስ ለምዶብኛል፤ የላስቲክ ጫማ አድርጌ ነው የምጋግር።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ማድ ቤት ውስጥ እንደሰማሁት! የሚነዝር ምጣድ እንደ ሚያጨስ ማገዶ የተፈጥሮ ነገር ይመስላቸዋል።

ሁለቱንም ምጣድ አስለኮስሁና መለኪያዬን አወጣሁ። 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ 187 ነው። መስመሩ የሚስበው ኮረንቲ 28 አምፔር። የሌሊቱ ሽታ ምስጢር እዚሁ ላይ ተፈታ ማለት ይቻላል። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ምጣድና ምድጃ ለኩሶ ስለሚሆን ኃይሉ ይወርዳል። ምጣድ ደግሞ ሞኝ ዕቃ ነው፤ የተሰጠውን ያህል ብቻ ነው የሚወስደው። ኃይል ሲወርድ የሚስበው ኮረንቲም ይቀንሳል፣ አይግልም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። እትዬ ሌሊት የሚነሱት ለዚሁ ነው። ሰፈሩ ሲተኛ ኃይሉ ይመለሳል፣ እንጀራው ያምራል፣ ሽቦው ደግሞ ይቃጠላል።

ግን ኮረንቲ ሲበዛ ጥሎ መስመሩን የሚቆርጠው ብሬከሩስ? 28 አምፔር በዚህ ሽቦ ላይ ሲያልፍ ለምን አልጣለም? የት እንዳለ ጠየቅሁ። ሳሎን ውስጥ ከብፌው በላይ ነው አሉኝ። ወንበር ላይ ወጣሁ።

ክዳኑ ላይ በማርከር «ምጣድ» ተብሎ ተጽፏል። የ«ም»ዋ ጭራ ወደ ታች ረዝማለች፣ ጫፏ ላይ ነጥብ አለ።

እንደዚያ አድርጎ «ም» የሚጽፍ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቅ። እሱም ወንበሩ ላይ ቆሟል።

ክዳኑን ከፈትሁት። 32 አምፔር ብሬከር። ከሥሩ የሚወጣው ሽቦ ውፍረቱ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር፤ ለ32 ቀጭን ነው።

በ2005 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። ቅዳሜና እሑድ ሰፈር ለሰፈር እየዞርሁ አምፖልና ሶኬት እቀይራለሁ። አባይ ማዶ ያኔ ቤቱ ሳሳ ያለ ነበር፣ መንገዱ ጭቃ፣ አጥሩ እንጨት። አንዲት እናት እንጀራ እየጋገሩ መሀል ላይ ብሬከሩ እየጣለ አስቸገራቸው። ምጣዱ 3,600 ዋት ነበር። ጎኑ ላይ ወጥ የሚሠሩበት 2,000 ዋት ምድጃ አለ። በአንድ መስመር ሲደመር 25 አምፔር ያልፋል። ብሬከሩ ባለ 16 ነው። መጣሉ ትክክል ነበር። እኔ ግን በራሴ ተማምኜ «ብሬከሩ ደክሟል» አልኋቸው። 16ቱን አውርጄ 32 ሰቀልሁ። ከዚያ በኋላ አልጣለም። መረቁኝ። ክዳኑ ላይ «ምጣድ» ብዬ ጻፍሁና 150 ብር ተቀብዬ ወጣሁ። ያን ቀን ያበጠው ደረቴ ትዝ ይለኛል።

ሳይንሱን የተማርሁት በቀጣዩ ዓመት ነው። ብዙ ሰው ብሬከር ምጣዱን የሚጠብቅ ይመስለዋል። የሚጠብቀው ግን ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የሚመረጠው በሽቦው ውፍረት ነው። የሚጥል ብሬከርን በትልቅ መቀየር ደግሞ የሚጮህ ውሻን አፍ ማሰር ነው፤ ሌባው አልሄደም። ሽቦ ላይ የሚያልፈው ኮረንቲ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። እኔ ያሰርሁት ውሻ 12 ዓመት ዝም ብሏል። እትዬ በመሀል ሥራው ሰፍቶላቸው፣ ብሬከሩም ስለማይጥል፣ ሁለተኛ ምጣድ ጨምረውበታል።

ያን ምሽት አልነገርኋቸውም። ከአፌ አልወጣልኝም። ወረቀቴ ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ፎቶዬ ወደ ላይ እያየ። «ለዛሬ በአንድ ምጣድ ብቻ ጋግሩ፣ ሌሊት 10 ሰዓት እመጣለሁ» አልሁና ወጣሁ።

ሌሊት ዝናቡ አባርቷል። ከቤተ ክርስቲያን የሰዓታቱ ዜማ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። የባጃጁ ልጅ በዚህ ሰዓት የምን መብራት ነው የሚሠራው ብሎ ሁለቴ ዞሮ አየኝ።

ሁለቱንም ምጣድ ለኮስን። ቮልቴጁ 224። ኮረንቲው 33 አምፔር። 32 የሚል ብሬከር 33 ላይ የሚወርድ ይመስላችኋል? አይወርድም። እስከ 36 ድረስ ቢያንስ አንድ ሰዓት ዝም ብሎ ይሸከማል፣ አሠራሩ እንደዚያ ነው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሽታው መጣ። እትዬ «ይኸው!» አሉ፣ አላመንኸኝም ነበር በሚል ድምፅ።

በመዳፌ ግድግዳውን እየዳሰስሁ ሄድሁ። ሰፌዱ የተሰቀለበት ቦታ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ይሞቃል። ዋናውን ብሬከር አወረድሁ፣ በቴስተር አረጋገጥሁ፣ ሰፌዱን አነሣሁ። ከኋላው ማገናኛ ሳጥን አለ። ክዳኑ ቡና ዓይነት ሆኗል። ውስጡ ሽቦዎቹ በእጅ ተጠምዝዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። ናስትሮው ቀልጦ እንደ ሬንጅ ወርዷል። የቀጭን ሽቦ ሙቀት መጀመሪያ የሚጠራቀመው እንዲህ ባለ ልል መገጣጠሚያ ላይ ነው፤ የማድ ቤት እንፋሎትና የሐይቅ ዳር እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ መዳቡ ይዝጋል፣ ይብስበታል።

ቤቱ የእንጨትና የጭቃ ነው። ሳጥኑን ነቅዬ በስልኬ መብራት አየሁት። ከኋላው ያለው የባሕር ዛፍ ማገር አውራ ጣት ያህል ከስሏል። ዙሪያው ጭድ ነው።

እትዬ ከትከሻዬ በላይ አይተው አማተቡ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። የልጅ ልጃቸው ከግድግዳው ማዶ ነው የምትተኛው።

ሊነጋጋ ሲል ሳሎን ተቀመጥን። ጾም ስለሆነ ቡና የለም። ዝምታውን የምሸፍንበት ነገር አጣሁ። ነገርኋቸው። ቅዳሜውን፣ 16ቱን፣ 32ቱን፣ ማርከሩን፣ ሁሉንም።

ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ያ ቀጭኑ ልጅ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«መርቄህ ነበር እኮ!»

ምን ይባላል? እስካሁን ቤቱን የጠበቀው ያ ምርቃት ይሆናል እንጂ የኔ ብሬከር አይደለም።

«ያኔ ወረቀት ነበረህ?»

«አልነበረኝም።»

«ብጠይቅህስ?»

«ከዚያ ከዚህ ቀባጥሬ አሳምንዎት ነበር።»

ስልክ አንሥተው አዲስ አበባ ለልጃቸው ደወሉ። ድምፁን ከፍ አድርገው ፊት ለፊቴ ሁሉንም ደገሙለት። ሌላ ሰው እፈልጋለሁ ቢል አልቀየምም ነበር፤ ሁለት ጥሩ ባለሙያዎች ስም በልቤ አዘጋጅቻለሁ። ልጁ ግን አልጮኸም። «ምን ልትሠራ አስበሃል? ጻፈውና ላክልኝ» አለኝ። እንደ እሱ ያለ ደንበኛ ቢበዛ ሥራችን በተሻሻለ ነበር። ብዙው ሰው «በአጠቃላይ ስንት?» ይላል። አጠቃላይ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ይገባል፣ ያለ ሳጥን የተጠመዘዘ ሽቦ ይገባል፣ የማይታይ ነገር ሁሉ ይገባል።

ጻፍሁለት። ለእያንዳንዱ ምጣድ የራሱ መስመር፣ በ4 ስኩዌር ሽቦ፣ በ20 አምፔር ብሬከር። ምድጃው ለብቻው በ2.5፣ በ16። ከቆጣሪው የሚመጣው ገመድ ባለ 10 ስለሆነ አይነካም። ግራውንድ፣ ማለትም ያፈተለከ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፣ አዲስ። ዕቃውን ራሳቸው ይግዙ፣ እኔ አብሬ ሄጄ እመርጣለሁ። ይህን የምለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ላዩ ላይ 4 ተብሎ ታትሞ ሲለካ 4 የማይሞላ ሽቦ ስላየሁ ነው። የሽቦ ውፍረት የምለካበትን ካሊፐሬን ሳወጣ አንዱ ባለ ሱቅ ፊቱ ጠቆረ። ከሱ አልገዛንም።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ስለ መስመሩ ብዙ የሚወራ የለም። የሚነዝረው ምጣድ ነገር ግን መነሣት አለበት። ስፒናው ባለ ሦስት ነው፣ ሶኬቱም ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው፤ የሦስተኛውን፣ የግራውንዱን ሽቦ ተከትዬ ስሄድ ግድግዳው ውስጥ ተቆርጦ ታጥፏል። የትም አይሄድም። ጌጥ ነበር። ጓሮው መረሬ አፈር ነው፤ በክረምት እንደ ሊጥ ይርሳል፣ በመጋቢት ግን እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ኮረንቲም እንደ ልቡ አያስተላልፍም። ስለዚህ የግራውንዱን ዘንግ ዓመቱን ሙሉ ልብስ የሚታጠብበት ቧንቧ አጠገብ ቀበርሁት።

አርሲዲም ገጠምሁ፤ 30 ሚሊ አምፔር ብቻ ወደ መሬት ቢፈስ የሚቆርጥ። አንድ ነገር አስጠነቀቅኋቸው። ምጣድ ሸክላ ነው፣ ውኃ ይጠጣል። ታጥቦ ወይም ሳይለኮስ ሰንብቶ ገና እርጥብ እያለ ሲሰካ ይህ ብሬከር ሊጥል ይችላል።

«ከጣለ ምንም አታስነኩ። ምጣዱን ነቅለው ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ደርቆም ከጣለ ለኔ ይደውሉ። በትልቅ እቀይርልዎታለሁ የሚል ሰው ከመጣ...»

«አውቀዋለሁ» አሉኝ። «ቀጭን ልጅ ነው።»

በሁለተኛው ቀን ማታ ሁለቱም ምጣድ ተለኮሱ። እትዬ ቀስ ብለው በባዶ እጃቸው ጠርዙን ነኩት። ከዚያ ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲሉ ኧረ ይቅርብዎ አልሁ። የልጅ ልጃቸው ማርከሬን ወስዳ አዲሱ ሳጥን ላይ «ምጣድ 1»፣ «ምጣድ 2»፣ «ምድጃ» ብላ ጻፈች። ጽሕፈቷ ከኔ ያምራል።

የእጅ ዋጋ አልቀበልም ብዬ ነበር። «የሠራህበትን ትቀበላለህ» አሉና ቆጥረው ሰጡኝ፣ ክርክር የለም። ልወጣ ቦርሳዬን ስይዝ ጠሩኝ።

«ያኔ ስንት ነበር የከፈልሁህ?»

«150 ብር።»

«አምጣ።»

ዘርዝሬ አልያዝሁም። 200 ብር ሰጠኋቸው። ከመቀነታቸው ፈትተው 50 ብሩን መለሱልኝ።