ከመጋዘን ወደ መጠቅለያ፦ በጅማ አሮጌ ጋዜጣ ስሰበስብ ያየሁት

አሮጌ ጋዜጣና መጽሔት ለማየት የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ ማመልከቻ ያስገባ ይባላል። እኔ ግን ማመልከቻ ከመጻፍ በፊት ጽሑፉን በደብተር መገልበጥ ይቅደም እላለሁ፤ ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ገጾች ከጥፋት በተረፉ ነበር።

የምሰበስበው ትልልቁን ዜና አይደለም። እርሱን አዲስ አበባ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ገብቶ ማንበብ ይቻላል። እኔን የሚስበኝ በገጹ ጥግ የተወሸቀው ነው፦ ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን «አንድ ጥያቄ አለኝ» ዓምድ ለአንባቢዎች ይሰጣቸው የነበሩ መልሶች፣ የቆየ እንቁላል ውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ የምትናገር የባልትና ምክር፣ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ ዘመኑ የሉቃስ፣ ጳጉሜንም 6 ቀን እንደሆነች የሚያስረዳ አጭር ስሌት። እንዲህ ያለውን ጋዜጣ ከጅማው ገበያ ከሂርማታ መርካቶ ባለሱቆች በኪሎ መግዛት ቀላል ነበር፤ ስለዚያ የምለው የለኝም።

መከራው የመጣው አንድ መሥሪያ ቤት በመጋዘኑ በየዓመቱ የተጠረዙ ጋዜጦችና መጽሔቶች እንዳሉት ስሰማ ነው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በጨዋነት አንዱን ጥራዝ አውርዶ አሳየኝ። እዚያ ውስጥ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ የገዛ ጥላውን በጫማው እየሰፈረ ሰዓት የሚያውቅበት ሠንጠረዥ አገኘሁ። ስሌቱ በባሕረ ሐሳብ (በዘመን አቆጣጠር) መጻሕፍት የቆየ ነው፤ ቁመተ ረጅም ሰው እግሩም ስለሚረዝም ለሁሉም ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል። ያስደነቀኝ ግን በኅዳጉ ላይ አንድ የቀድሞ አንባቢ በእርሳስ «በጅማ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል» ብሎ መጻፉ ነው። እውነቱን ነው። የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ሲሆን ጅማ ያለችው 37 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ሲታሰብ ፀሐይ እዚህ አናት ላይ የምትደርሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ያ አንባቢ ይህን ጥላውን እየለካ የደረሰበት ይመስለኛል። ይህ ማስታወሻ በወመዘክር ቅጂ ላይ ሊገኝ አይችልም።

ፎቶ ላንሣ ስል የኃላፊው ፈቃድ ያስፈልጋል ተባልሁ። ኃላፊው የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቁኝ። ግለሰብ ነኝ ብላቸው «መመሪያው አይፈቅድም» አሉ። ከቀበሌ ባመጣ የቀበሌ አይበቃም ተባለ፤ ሌላ ቦታ ለምኜ ባመጣ ደብዳቤው ለሚመለከተው ክፍል ተመራ፣ ያም ክፍል ወደ ሌላው መራው፣ ፈራሚው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ተመለስ እየተባለ ክረምቱ ገባ። በዚህ መካከል የንብረት ማስወገድ ኮሚቴው መጋዘኑ ይጽዳ ብሎ ወሰነ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ስልክ ደውሎ «ጋሼ፣ እየጫኑት ነው፤ ቶሎ ይድረሱ» ሲለኝ እየሮጥሁ ሄድሁ፤ መኪናው ወጥቷል። ፎቶ እንዳነሣ ያልፈቀደ መሥሪያ ቤት ጥራዙን እንዳለ ለመጠቅለያ መሸጡ እስካሁን ያንገበግበኛል። ከሱቅ ወደ ሱቅ እየዞርሁ የተገነጣጠሉ ገጾችን መልሼ ገዛሁ፤ ባለጥላው ጥራዝ ግን አልተገኘም። ሠንጠረዡና የእርሳሱ ጽሑፍ ዛሬ ያሉት በመጀመሪያው ቀን በደብተሬ ስለገለበጥኋቸው ብቻ ነው፤ በዚህም እኮራለሁ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥራዝ ፊታችሁ ሲዘረጋ ወዲያው በእጃችሁ ገልብጡ፤ የጋዜጣውን ስም፣ ቀኑንና ገጹን አትርሱ። ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ ጻፉ፤ የማስወገድ ኮሚቴው መቼ እንደሚሰበሰብም ከመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጠይቁ። ብዙዎች ገጹን ላሚኔት አስደርግ ብለው መክረውኛል፤ አልተቀበልሁም። የጋዜጣ ወረቀት የሚያረጀው በውስጡ ባለው አሲድ ጭምር ስለሆነ፣ በፕላስቲክ ሲታሸግ አሲዱም አብሮት ይታሸጋል፤ ፕላስቲኩንም ወረቀቱን ሳይጎዱ ማላቀቅ አይቻልም። የጅማ እርጥበት ስለሚያሻግተው እኔ ከግድግዳ አርቄ፣ ከወለል ከፍ አድርጌ፣ ንጹሕ ነጭ ወረቀት በየመካከሉ እያስገባሁ አስቀምጣለሁ።