ያገለገለ የመላጊያ ማሽን ዋጋ፦ እስካሁን የደረስኩበት

አንድ ያገለገለ ማሽን ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው አሁን ባለበት ሁኔታ ገበያ ላይ የሚያወጣው ነው፤ ሁለተኛው እኔ ቤት ገብቶ እንጨት መላግ እስኪጀምር ድረስ ከኪሴ የሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ። ዋንዛና ቀረሮ በእጅ መላግ አድክሞኝ ማሽን ፍለጋ ከወጣሁ ወዲህ ከተማርኩት ሁሉ የሚበልጥብኝ እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው። የአይሱዙ ኪራይ፣ የመጫኛና የማውረጃ፣ የመብራት መስመር ማስተካከያ የእኔ ጉዳዮች ናቸው። እነሱን ደምሬ ልግዛ ወይስ ልተው እላለሁ እንጂ ሻጩን ቀንስልኝ ብዬ አልጠይቅባቸውም። የተበላ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ቤሪንግ) እና ያለቀ ቢላዋ ግን የማሽኑ ጉድለቶች ስለሆኑ ከዋጋው መቀነስ አለባቸው።

የገበያውን ዋጋ ለማወቅ በቴሌግራም የሚለጠፉ ማስታወቂያዎችን ደብተር ላይ መመዝገብ ጀመርኩ። የሚጠራው ዋጋና የሚሸጥበት ዋጋ በጣም ይራራቃሉ። ስለዚህ ማስታወቂያው ከወረደ በኋላ ሻጩ ጋ ደውዬ በስንት እንደሄደ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ከሸጠ ወዲያ የሚደብቀው ስለሌለ አብዛኛው ሰው ይናገራል። ለወራት ሳይነሣ የቆየ ማስታወቂያም በዚያ ዋጋ የሚገዛ እንዳልተገኘ ይነግረኛል። አሮጌ ደረሰኝ ግን ብዙም አይጠቅምም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ማሽኑም መለዋወጫውም ከውጭ የሚገባ ነውና ከዚያ በፊት በተገዛበት ዋጋ መከራከር ሻጩን መበደል ነው።

አዲስ ማሽን የሚሸጥበት ዋጋ ላገለገለው ጣሪያ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። ከቆርቆሮ የታጠፈ እግርና ስስ የአልሙኒየም ጠረጴዛ ያለው ማሽን አዲስ ስለሆነ ብቻ ጠረጴዛው ከወፍራም ብረት ከተሠራ አሮጌ የጣሊያን ማሽን አይበልጥም። ክብደት ንዝረትን ይቀንሳል፤ ንዝረት ሲቀንስ ደግሞ የተላገው እንጨት ገጽ ይለሰልሳል።

ማሽን ፊት ስቆም መጀመሪያ የማደርገው ሞተሩን በመዳፌ መንካት ነው። ሳይነሣ ትኩስ ከሆነ እኔ ከመድረሴ በፊት ሲሠራ ነበር ማለት ነው፤ ቀዝቃዛ ሳለ ለመነሣት የሚቸገር ሞተር በዚህ መንገድ ሊሸፈን ይችላል። እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ከዚያ መብራቱ ከምንጩ እንዲቋረጥ አድርጌ የሞተሩን ጉልበት የሚያስተላልፈውን ቺንጋ (ቀበቶ) አስወልቅና ቢላዋዎቹን የተሸከመውን ዘንግ በጥንቃቄ በእጄ አዞረዋለሁ። ጤነኛ ኩሽኔታ ያለ ድምፅ ዞሮ ቀስ ብሎ ይቆማል። አሸዋ እንደገባበት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ መቀየር ይኖርበታል፤ ይህ ግን አያስደነግጠኝም። ለምሳሌ 6205 የተባለው ኩሽኔታ የውስጡ ስፋት 25፣ የውጭው 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው፤ ልኩ የትም አገር አንድ ስለሆነ መርካቶ ይገኛል። የሚያሳስበኝ ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች ስወዘውዘው የሚሰማ እንቅስቃሴ ነው። ኩሽኔታው የተቀመጠበት የዘንጉ ክፍል ተበልቶ ከሆነ ቶርኖ ቤት መግባት ግድ ነው፤ ያ ወጪ ደግሞ ከኩሽኔታው ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ቀጥዬ ከቢላዋው ፊትና ኋላ እንጨቱ የሚገፋባቸውን ሁለቱን ጠረጴዛዎች እኩል ከፍታ ላይ አድርጌ፣ ቀጥ ያለ ረጅም የብረት ማስመሪያ አጋድሜባቸው ከሥሩ ተራ የጽሕፈት ወረቀት አስገባለሁ። ውፍረቱ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ነው። አንዱ ወረቀት እየጠበቀ ካለፈ ደስ ይለኛል። ተደራርበው አራት ካለፉ ጠረጴዛው ጠሟል፣ ወይም ደግሞ የሚያስተካክሉት ብሎኖች ከቦታቸው ወጥተዋል፤ የትኛው እንደሆነ ሳልለይ ዋጋ አልናገርም። በመጨረሻ ተንበርክኬ የጠረጴዛውን ሥር በባትሪ አያለሁ። እዚያ የተበየደ ስንጥቅ ካገኘሁ የቱንም ያህል ቢረክስ እተወዋለሁ። አዲስ ቀለም ካየሁም በተለይ በዚያ ቦታ አጥብቄ እመረምራለሁ።

በሞተሩ ላይ ያለው ሰሌዳም መነበብ አለበት። የእኔ ቤት መስመር እንደ ተራ መኖሪያ ቤት ነጠላ ፌዝ፣ 220 ቮልት ነው። ሰሌዳው 220/380 ቮልት የሚል ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ከሆነ፣ የውስጥ ጥቅሎቹን በዴልታ (በሦስት ማዕዘን ቅርጽ) አገናኝቶ ከነጠላ ወደ ሦስት ፌዝ በሚቀይር ኢንቨርተር ማሠራት ይቻላል። 380/660 የሚል ከሆነ በዚህ መንገድ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ የአሜሪካ ሞተር ደግሞ በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል።

በቅርቡ ኮተቤ አካባቢ ሥራ ያቆሙ አንድ አናጢ መላጊያቸውን 210,000 ብር አሉኝ። «ጋሼ፣ ሁለት ኩሽኔታ፣ ቺንጋና አዲስ ቢላዋ ያስፈልገዋል፤ ከዚህ ውጭ እንከን አላገኘሁበትም» ብዬ ከመርካቶ የጠየቅኩትን ዋጋ የጻፍኩበትን ወረቀት ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው መስመር በመስመር አነበቡት። «ኩሽኔታው እውነትህን ነው፤ ቢላዋው ግን ገና ብዙ ጊዜ ይሳላል» አሉና አንዱን ፈትተው የቀረውን ስፋት በማስመሪያ አሳዩኝ። እውነት ነበር፤ ቢላዋውን ከወረቀቱ ሰረዝኩት። ኩሽኔታና ቺንጋ ከነመግጠሚያው 12,000 ብር ስለሆነ በ198,000 ተስማማን። የቀነሱልኝ እያንዳንዱ ብር ምክንያት ስለነበረው እሳቸውም አልከፋቸውም፤ ቢላዋ የሚሳልበትን መያዣ ጨምረው ሰጡኝ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአዲስ ዘመን ጋዜጣ የሚያወጡት የጨረታ ሽያጭ ሌላ ዓለም ነው። ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) አስይዞ መወዳደር ያስፈልጋል፤ ማሽኑን ማየት ቢፈቀድም አስነሥቶ መሞከር ብዙ ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ ሞተሩ እንደተቃጠለ ቆጥሬ፣ የሞተሩን ዋጋ ቀንሼ ካልሆነ አልገባበትም።

ቀጥሎ የማጠናው ባንድ ሶው (በመንኮራኩሮች ላይ በሚዞር ረጅም ስለት የሚቆርጥ መጋዝ) ነው። የመንኮራኩሮቹን ጎማና የስለት መወጠሪያውን እንዴት እንደምፈትሽ ገብቶኛል፤ ዋጋው ላይ ግን ደብተሬ ገና ባዶ ነው። በዚህ ዓመት የገዛችሁ ወይም የሸጣችሁ ካላችሁ የመንኮራኩሩን ስፋት፣ የሞተሩን ጉልበትና የተስማማችሁበትን ዋጋ ብትነግሩኝ እመዘግበዋለሁ።