መጀመሪያ ማይክሮዌቩን እዩት

በሬዲዮ ድራማ ሥራ የእኔ ድርሻ ድምፅ ነው። በር ሲንኳኳ፣ ዝናብ ሲወርድ፣ መኪና ሲነሳ እኔ ነኝ። ይህን ድራማ ስንሠራ ግን ያጨቃጨቀን ዝምታ ነበር።

ደራሲያችን ወጣት ናት፤ ብዕሯ ፈጣን ነው። ይዛ የመጣችው ታሪክ እንዲህ ይላል። ዶክተር ሕይወት የምትባል የሥነ ፈለክ ተመራማሪ እንጦጦ ላይ ብቻዋን እያመሸች ትሠራለች። አንድ ሌሊት ከሌላ ዓለም የመጡ እንግዶች በሬዲዮ ይጠሯታል። መርከባቸውን ከጨረቃ ጀርባ ደብቀዋል። ከምድር ሰዎች ጋር የሚያስተዋውቃቸው ሰው ይፈልጋሉ። እሷም ምንም ሳታንገራግር "እንኳን ደህና መጣችሁ" ትላቸዋለች፤ ወሬው ይደራል። ሁላችንም ወደድነው። አዘጋጁ ግን ጠንቃቃ ነው። "የሚያውቅ ሰው ይየው" ብሎ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ጋበዘ።

ጋሼ ስክሪፕቱን በእርሳስ አስምረውበት መጡ።

"እንጦጦ ላይ በምን ሰማቻቸው?"

"በቴሌስኮፑ ነዋ!" አለች ደራሲዋ።

"ልጄ፣ እንጦጦ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው ባለ አንድ ሜትር መስታወት ናቸው። የሚያዩት ብርሃን ነው። ሬዲዮ አይሰሙም።"

ይህስ ቀላል ነበር፤ ለዶክተር ሕይወት ግቢው ውስጥ ትልቅ ዲሽ ተከልንላት። የጨረቃዋ ነገር ባሰ። ከጨረቃ ጀርባ ያለ ሬዲዮ ወደ ምድር አይደርስም፤ ጨረቃ ራሷ ትጋርደዋለች። ቻይናዎች እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያኛው ገጽ መንኮራኩር ያሳረፉት መልእክት የምታቀብል ሳተላይት በ2018 ቀድመው ልከው ነው። ደራሲዋ ትንሽ አኮረፈች፤ መርከቧ ግን ወደ ፊት ለፊት መጣች።

ጣጣው እኔ ዘንድ የደረሰው ያኔ ነው። ሬዲዮ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ነው። ከምድር ጨረቃ ለመድረስ 1.3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ዶክተር ሕይወት አንድ ነገር ጠይቃ መልሱን እስክትሰማ እንግዲህ ከሁለት ሰከንድ ተኩል በላይ ትጠብቃለች። ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። ሬዲዮ ላይ ግን ይህን ያህል ጸጥታ ሲሰማ አድማጭ ጣቢያው የተቋረጠ ይመስለዋል። አዘጋጁ "በጭራሽ!" አለ።

"ይሄ እኮ ቅናሽ ነው" አሉ ጋሼ። "ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርባችን ካለው ኮከብ፣ ከፕሮክሲማ ሴንታውሪ ቢጠሯት ጠይቃ መልስ እስክታገኝ ከስምንት ዓመት በላይ ነው።"

እኔ ለጋሼ ወገንኩ። ክፍተቱን በቀጭን የሬዲዮ ሹሹታ ሞላሁት። መስመሩ እንዳልተቆረጠ ይታወቃል፤ ተዋናይዋም ስትጠብቅ ትንፋሿ ይሰማል። እውነቱን ለመናገር ከንግግሩ ይልቅ እሱ ልብ ይሰቅላል።

ከዚያ ወደ ቀረጻ ገባን። ተዋናይዋ "ማን ናችሁ?" አለች። ሹሹታው ቀጠለ። ድንገት ከስፒከሩ "ድድድት፣ ድድድት፣ ድድድት" የሚል ነገር መጣ። ስክሪፕቱ ላይ የለም። ተዋናይዋ ክው አለች። ደራሲዋ አፏን በእጇ ያዘች። አንዱ "መጡልህ!" ሲል ስቱዲዮው በሳቅ ፈረሰ።

እኔን አላስደነቀኝም፤ እንጀራዬ ነው። "የማን ስልክ ነው?" አልኩ። ሞባይል ከኔትወርኩ ጋር ሲነጋገር የሚለቀው ሞገድ በማይኩ ገመድ ሾልኮ ይገባል። ሁሉም ኪሱን ዳበሰ። የአዘጋጁ ሆኖ ተገኘ። በሩ ላይ "ስልክዎን ያጥፉ" ብሎ የለጠፈው ራሱ ነው።

ጋሼ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና "ጽሑፉ ውስጥ ያጣሁት ይሄንን ነው" አሉ። ከዚያ የፓርክስን ነገር አጫወቱን።

ፓርክስ አውስትራሊያ ያለ፣ 64 ሜትር ስፋት ያለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አልፎ አልፎ እንግዳ ምልክት ይመዘግብ ነበር። ጠባዩ ከሩቅ ሰማይ የመጣ ያስመስለዋል። ተመራማሪዎቹ የምድር ነገር እንደሆነ ቢጠረጥሩም ምንጩ ለዓመታት ጠፋቸው፤ ስሙን ፔሪቶን አሉት። የሚያሳብቅበት አንድ ነገር ነበረ። የሚመጣው በሥራ ሰዓት ነው፤ ያውም በብዛት በምሳ ሰዓት ገደማ! እ.ኤ.አ. በ2015 ኤሚሊ ፔትሮፍ የተባለች፣ ያኔ የዶክትሬት ተማሪ የነበረች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ደረሰችበት። የግቢው ማይክሮዌቭ ነው። ምግቡ እስኪሞቅ ያልታገሰ ሰው በሩን በመሃል ሲከፍተው፣ ማይክሮዌቩ ሊጠፋ ሲል ለቅጽበት ሞገድ ያመልጠዋል። ቴሌስኮፑ ለዚያ በሚመች አቅጣጫ ዞሮ ከሆነ ይለቅመዋል።

ይህን ወሬ የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ስቆ ያቆማል። ጋሼ አላቆሙም። ከፔሪቶን ጋር የሚመሳሰሉ፣ በእርግጥም ከሌሎች ጋላክሲዎች የሚመጡ አጫጭር የሬዲዮ ፍንዳታዎች አሉ። የኩሽናው ከተለየ በኋላ የሰማዩን ለማመን ቀለለ።

ጋሼ ሌላም ነገር ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፉ የአስትሮኖቲክስ አካዳሚ ያወጣው የስምምነት ሰነድ አለ። ከሌላ ዓለም ፍጡራን የመጣ የሚመስል ምልክት ያገኘ ሰው መጀመሪያ ሌሎች እንዲያረጋግጡለት ያደርጋል፤ ዓለም ሳይመክርበትም መልስ አይልክም። ሕግ አይደለም፣ ማንንም አያሳስርም። ደራሲዋ ይህን ስትሰማ ኩርፊያዋ ለቀቃት። እንግዶቹ ደጅ ቆመው እየጠሩ ዶክተር ሕይወት አፏን ይዛ መቀመጧ ከ"እንኳን ደህና መጣችሁ" የተሻለ ድራማ መሆኑ ወዲያው ገባት።

ስክሪፕቱ እንደገና ተጻፈ። ክፍል አንድ ሙሉውን ፍለጋ ሆነ፦ የዲሹ ገመድ፣ የዘበኛው ሬዲዮ፣ የሾፌሩ ስልክ፣ የካፌው ማይክሮዌቭ። በክፍል ሁለት ሌላ አገር ያለ ቴሌስኮፕ ያንኑ ምልክት ይሰማል። እንግዶቹ የሚያወሩት በሦስተኛው ነው። አዘጋጁ "ሰው ሬዲዮ የሚከፍተው እነሱን ሊሰማ ነው እንጂ የዘበኛ ሬዲዮ ሲጠፋ ሊሰማ ነው እንዴ?" ብሎ ተከራከረ። ተሸነፈ፤ በእኔ ግምት ካሉን ክፍሎች ሁሉ ምርጡ አንደኛው ነው።

እኔም የማይክሮዌቩን ድምፅ ልቀርጽ ማይኬን ይዤ ከታች ካለችው ካፌ ወረድኩ። በሩን በመሃል ከፈት፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈት ሳደርግ ባለቤቷ እትዬ ብዙ አልታገሱኝም።

"አንተ ልጅ፣ ሽሮው ገና አልሞቀም እኮ! ምን ያስቸኩልሃል?"