የሄልሲንኪ መስኮቴ

ሄልሲንኪ የገባሁት በታኅሣሥ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ተረኛ ነኝ። በታኅሣሥ እዚህ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ከሩብ ሳይሞላ ትጠልቃለች። ወደ ሥራ ስሄድ ጨለማ፣ ስመለስም ጨለማ። የተከራየኋት ክፍል መጋረጃ እንደሌላት ልብ ያልኩት ሰኔ ሲመጣ ነው።

ሰኔ ደግሞ ሌላ ጉድ! ፀሐይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ትወጣና እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ድረስ አትጠልቅም። ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ አድሬ ስገባ ብርሃኑ ፍራሼ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቀኛል። ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ሰቅዬ ለመተኛት ሞከርኩ። እንቅልፍ ወዴት አለ? ይህን የሰማች የሥራ ባልደረባዬ «ለምን ኦዲ ሄደሽ መጋረጃ አትሰፊም?» አለችኝ።

ኦዲ የከተማዋ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። የፊንላንድን ነፃነት 100ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ የተሠራ ሲሆን፣ በፈረንጆቹ 2018 ነው የተከፈተው። ፊት ለፊቱ ፓርላማው አለ። መጻሕፍቱ ያሉት ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። መካከለኛው ፎቅ ላይ የሙዚቃ ስቱዲዮ አለ፣ የልብስ ስፌት መኪናም አለ። መኪናውን ማንም ሰው በነፃ ይጠቀምበታል። ከተማ ለነዋሪው እንዲህ ሲያስብ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

ጨርቄን ይዤ ሄድኩ። የታችኛው ክር እየተጠላለፈ አስቸገረኝ። አጠገቤ የሚሰፉ አንዲት እናት ዝም ብለው አዩኝና እጄን በቀስታ ገለል አደረጉት። ክሩን አውጥተው እንደገና አጠነጠኑ፣ መርፌውን ዝቅ ከፍ አድርገው ሞከሩ፣ ከዚያ ወንበሬን አስጠግተው ወደ ራሳቸው ሥራ ተመለሱ። አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ጠርዙን ቀጥ አድርጌ ጨረስኩ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሻንጣ ውስጥ የማይገባ ዕቃ ገዝቼ አላውቅም ነበር። ነገ እንደሚሄድ ሰው ነበር የምኖረው። መጋረጃው ግን የተለካው በዚያች መስኮት ልክ ነው። ሌላ ቤት ብገባ አይሆነኝም። ሰቅዬው እንቅልፌን ስለጥጥ ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ በእረፍት ቀኔ ከተማዋን ማየት ጀመርኩ። አዘውትሬ የምሄደው ሱዎመንሊና ነው። ባሕር መሐል በደሴቶች ላይ ያለ ምሽግ ነው፤ ግንባታው የተጀመረው አገሩ በስዊድን ሥር ሳለ፣ በፈረንጆቹ 1748 ነው። ዩኔስኮ በ1991 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔን የማረከኝ ግን እስካሁን ሰው የሚኖርበት መሆኑ ነው፤ 800 ያህል ነዋሪ አለው። ከገበያው አደባባይ 15 ደቂቃ ገደማ በጀልባ ነው፤ ትኬቱም የከተማው ትራንስፖርት ትኬት ነው። ጎብኚው ውጭ ቆሞ ፎቶ ያነሳል። የደሴቱ ሰው ውስጥ ይቀመጣል፤ ፌስታሉን እግሩ መሐል አድርጎ፣ ባሕሩን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ። መጀመሪያ ሰሞን በጣም ቀናሁባቸው። አሁን እኔም ውስጥ ነው የምቀመጠው፤ ነፋሱ አይቻልም።

ባይተዋርነቱ ግን በመጋረጃ ብቻ አልለቀቀኝም። የለቀቀኝ ሥራ ቦታ ነው። ከምንከባከባቸው መካከል ሌሊት እንቅልፍ የማይወስዳቸው አንዲት አረጋዊት አሉ። ትራሳቸውን አስተካክላለሁ፣ ትንሽ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ቋንቋው ገና ይከብደኛል፤ እሳቸው ቀስ ብለው ይናገሩልኛል። አንድ ጊዜ የዓመት እረፍት ወጥቼ ስመለስ፣ በሩን ገና ከመክፈቴ ፊታቸውን አዞሩብኝ። «የት ጠፍተሽ ነው?» አሉኝ። ተቆጥተዋል። ደረቴ ሞላ። ለካ በዚህ አገር የሚጠብቀኝ ሰው አለ!

ከዚያ ወዲህ እረፍት ስወጣ አስቀድሜ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፤ የምመለስበትንም ቀን ጭምር።