ቀይዋን መስመር አትናቋት

ዛሬ ስንታገል የዋልነው ከቤት ማስፋፊያ ማመልከቻ ጋር ነው። እንግሊዝ አገር ለካውንስል (ለአካባቢው አስተዳደር) የምታመለክቱ ሁሉ፣ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ዲዛይኑ ተጠልቶ ሳይሆን ገና ማጣሪያው ላይ፣ ማለትም ወረቀቱ መሟላቱ ሲታይ ነው።

ዋናው ጣጣ ካርታው ነው። የቦታ ማሳያው በ1:1250 ወይም በ1:2500 ስኬል ይሁን፤ የሰሜን ምልክትም ይኑረው። ማመልከቻው የሚመለከተው መሬት በቀይ ይከበባል፣ ከመንገድ የሚያስገባው መተላለፊያም ጭምር (ይቺን ብዙ ሰው ይዘነጋታል)። አጠገቡ ሌላ መሬት ካላችሁ በሰማያዊ። ከኢንተርኔት ስክሪንሾት አንስቶ መላክ አያዋጣም፤ ስኬሉ ይዛባል፣ የቅጂ መብት ጥያቄም ያስነሳል።

ከዚያ የባለቤትነት ሰርተፊኬት አለ። መሬቱ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ብቻ ከሆነ "ኤ"። መሠረቱ ወይም አሸንዳው ትንሽ እንኳ ወደ ጎረቤት ካለፈ ግን "ቢ" ነው፤ ለጎረቤትም በጽሑፍ ማሳወቅ ግድ ይላል። እዚህ ላይ በይሉኝታ "ኤ" ብሎ መፈረም በኋላ ፈቃዱን ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል።

ካውንስሉ ውሳኔ የሚሰጥበት 8 ሳምንት የሚቆጠረው የተሟላ ማመልከቻ ከደረሰው በኋላ እንጂ ጎደሎውን ከላካችሁበት ቀን አይደለም። ፈቃዱ እስኪሰጥ ለግንበኛ ቀብድ አትክፈሉ። የሕንፃ ደንብ ፈቃዱ (ግንባታው ደረጃውን ጠብቆ መሠራቱን የሚመለከተው) ደግሞ ለብቻው ነው።